ፌዝ

ዳቤ ሰፈር ውስጥ ነው፣ ሰባት በር ያለው ግቢ፤
ባለቤቷ እትዬ ዲንቂቱ፣ የእውነቷን ኪራይ ሰብሳቢ።
ኢንተርኔቱ ከመንገድ ገብቶ ሳሎኗ ላይ ቆመ፤
ዋይፋዩም የብሎኬት ግድግዳ ሲያይ ደከመ።
ሰባተኛው በር ላይ ሲፋን አለች፣ የማታ ተማሪ፣
ስልኳን ወደ ሰማይ ይዛ ግቢውን ዟሪ።
እኔ አምስተኛው በር ነኝ፤ ኤሌክትሪክ ሠሪ።

«አይዞሽ» አልኳት፣ «ሽቦ አለ፣ ከሳሎን እስከ ጓዳሽ፤
መብራቱን የሚያመጣው መልእክትም ያምጣልሽ።»
ሁለት ሳጥን ገዛሁ፣ መዳፍ የማይሞሉ፤
አንዱን እዚያ ሰካሁ፣ አንዱን እዚህ።
ቀላል ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ምስክር አያስፈልግም።

የሳሎኑ ሳጥን አረንጓዴ ዓይኑን ገለጠ፤
የሲፋን ግን ቀይ ሆኖ አፈጠጠ።
ለካ ይህ ግቢ ድሮ ዳቦ ቤት ነበር፣ ሦስት ፌዝ ነው የገባለት፤
ሳሎኑ በአንዱ፣ ሰርቪሱ በሌላው፣ ጎረቤት ለጎረቤት
ከአንድ ምሰሶ ተንጠልጥለው፣ ሳይተዋወቁ የኖሩበት።
ሦስት ፌዝ!
አንዱ ያፌዘው በእሷ፣ አንዱ በእኔ፣
ሦስተኛው በዲፕሎማዬ።

መስመሩን አዛወርኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ!
የመምህሩ ፊት፣ ሰሌዳው፣ ጠመኔ የነካው ጣቱ፣ ሁሉም ከግድግዳው ወጣ።
ሲነጋ ግን የአቶ ገልገሎ ወፍጮ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ጤፉን ከነገለባው፣ የእኔን ቃል ከነትርጉሙ ዱቄት አደረገ።
ብየዳ ቤቱ ፍንጣሪውን ሲረጭ ፓኬቱ መንገድ ላይ ወደቀ፤
መምህሩ «ስለዚህ…» እንዳለ፣ አፉን ከፍቶ ደረቀ።
ሳጥኑ ይልካል፤ አልደረሰም። ይልካል፤ አልደረሰም።
እንደ እሱ ያለ ሃፍረት የሌለው ለማኝ አላየሁም።

ስድስተኛው በር ላይ ቦንሳ አለ፣ የባጃጅ ሾፌር፤
ከመናኸሪያ በርካሽ የገዛው ቻርጀር
እንደ ትንኝ ነው፤ አይታይም፣ ግን አያስተኛም።
ነቅዬው ነበር አንድ ምሽት፤ ሦስት ቀን አላናገረኝም።

ደግሞ አባባ ጂሎ አሉ፣ የወንጂ ስኳር ጡረተኛ፣
ራዲዮ ሳይሰሙ የማያድሩ፣ የአጭር ሞገድ ምርኮኛ።
በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ራዲዮኔ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል» አሉ፤
«ማታ ማታ፣ ያቺ ልጅ ስታጠና፣ ጎርፈው ያልፋሉ።»
ምን ልበላቸው? ሽቦው ለሌላ ሥራ የተዘረጋ፣
የሰጠሁትን ምስጢር ሁሉ ለአየር የሚያወጋ።
በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ በሚናጥ ጎርፍ ላይ
የሽንኩርት ልጣጭ ጀልባ ነበር ያንሳፈፍኩት፤
ጎርፉ አልተቆጣም፣
አላየውም እንጂ።

ከኮረብታው ማዶ የነፋስ ማማዎቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤
አቧራችንን ያስነሣውን ነፋስ መብራት ያደርጉታል አሉ።
ነፋስ መብራት ከሆነ፣ ብዬ ነበር፣ መብራት ቃል ቢሆን ምን ይገርማል?
ይኸው ሃያ እርምጃ፣ ከሳሎን እስከ ሰባተኛው በር፣ አልሻገር ብሏል።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ።
ወፍጮው ዝም። ብየዳው ዝም። የቦንሳ ትንኝ እንኳ ዝም።
ሽቦውን ነካሁት፤ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አላውቅም።
ስለምነው የከረምኩትን ጸጥታ ሰጠኝ፣
ሹክሹክታ የሚያሳልፍ፣ ንጹሕ፣ ጆሮ ብቻ የሆነ፤
ግን ሁለቱም ሳጥኖች ዓይናቸውን ጨፍነዋል።
ሲፋን በስልኳ መብራት ወጣች።
«መጣ?» አለች።
«የቱ?»
«የትኛውም።»

ከአራተኛው በር፣ በድንጋይ የሚሠራው ራዲዮ
ጥርት ብሎ ዜና ያነባል።
«ጉንዳኖቹ ሄዱልኝ!» ይላሉ አባባ ጂሎ ከጨለማው ውስጥ፤
ሲፋን ሳቀች፣ ደብተሯን እንዳቀፈች ደጃቸው ላይ ተቀመጠች።
እኔ ነገ ሠላሳ ሜትር ተራ ገመድ ገዝቼ
በጣሪያው ጠርዝ ላይ በምስማር እመታዋለሁ፤
ዛሬ ግን
ልነግራት አፈርኩ።